የጉባ ክረምትና ደረቅ ማገዶ

ጉባ በመተከል ዞን፣ አባይ ወደ ሱዳን ከመሻገሩ በፊት የሚያቋርጠው ቆላ ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የቆመው እዚህ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ኃይሉ ከዚህ ተነስቶ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ሩቅ አገር ይጓዛል። የገጠሩ ድስት ግን እንደ አብዛኛው የኢትዮጵያ ገጠር ዛሬም በእንጨት ነው የሚፈላው። መብራት የገባበት ቤትም ቢሆን በክረምት ነፋስ ምሰሶ ሲወድቅ ወይም መስመር ሲበጠስ ወደ ጉልቻው ይመለሳል። ስለዚህ ለክፉ ቀን ማብሰያ ማዘጋጀት በጉባ የሁሉም ቤት ጉዳይ ነው።

የደጋው ሰው ክረምት ሲባል ብርድ ይታየዋል። ጉባ ክረምቱም ቢሆን ሞቃት ነው፤ ችግሩ ዝናቡ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጫካው ይርሳል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ከግልገል በለስ በማንቡክ በኩል የሚመጣው ጭነት ይዘገያል። ማገዶ ለቃሚዋ እንጨት አታጣም፤ የምታገኘው ግን እርጥብ ነው።

እርጥብ እንጨት ለምን እንደማያበስል ማወቅ ይጠቅማል። ከቆመ ዛፍ ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እሳት ላይ ሲገባ መጀመሪያ ያ ውሃ ተንኖ መውጣት አለበት፤ አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን ደግሞ ከ2 ሜጋ ጁል በላይ ሙቀት ያስፈልጋል። በአየር በደንብ የደረቀ አንድ ኪሎ እንጨት ወደ 15 ሜጋ ጁል ሲሰጥ፣ ያው እንጨት እርጥብ ሳለ የሚሰጠው 8 ገደማ ነው። ያልነደደው ጋዝ ጭስ ሆኖ የእናትንና የሕፃንን ዓይንና ሳንባ ይቆጠቁጣል። እርጥብ እንጨት ከጫካ ድረስ መሸከም ውሃ እንደ መሸከም ነው፤ ሸክሙን የሚችሉት ደግሞ ከሁሉ በፊት ሴቶች ናቸው። በትከሻዋ ላይ ዘንግ ጥላ በሁለቱም ጫፍ ጭነት አንጠልጥላ የምትሄደውን የጉሙዝ ሴት ያየ ሰው ይህን ሒሳብ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ስለዚህ የመጠባበቂያው ዋና ነገር ጣሪያ ነው። በጋ የተለቀመው እንጨት ሳይፈለጥ ቢከመር መሐሉ ሳይደርቅ ይከርማል፤ መጀመሪያ መፍለጥ፣ ከዚያ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ነፋስ እንዲያልፍበት አላልቶ መደርደር ያስፈልጋል። ከላይ ሣር ወይም ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት። በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ግን ጉዳት ነው፣ ላቡ ውስጡ ይቀራል። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱን ሲያጋጩት ጥርት ብሎ ይጮኻል። ለዕለቱ የሚሆነው ከምድጃው በላይ ባለ ቆጥ ላይ ይቀመጥና ጭሱና ሙቀቱ ያደርቀዋል፤ ይህ የቆየ ልማድ ነው፣ የእሳት አደጋ እንዳያመጣ ግን ቆጡን ከነበልባሉ በቂ ርቀት ላይ ማድረግ ያሻል። ሽመሉም፣ ማለትም የቆላው ቀርከሃ፣ በአካባቢው በሰፊው ስለሚበቅል ተሰንጥቆ ሲደርቅ ምርጥ ማቀጣጠያ ይሆናል። ቶሎ ነዶ ያልቃልና ፍም እንዲቆይ ከወፍራም እንጨት ጋር መቀላቀል አለበት። ክብሪት በጠርሙስ ተከድኖ ይቀመጥ። ማታ ፍሙን አመድ ማልበስም እንደቀድሞው ይሠራል፤ ያልጠፋለት ጎረቤት እሳት ያስጭራል።

ጥሩ ምድጃ የደረቀውን ማገዶ ያበረክተዋል። ምርጥ የሚባለው ምድጃ ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ቀላል ድንጋይ ወይም ከአሸዋ ይሠራል። አራቱ ክፍሎቹ ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፉታል፣ ከኋላ የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ድስት ያፈላል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ገደማ ይቆጥባል ተብሎ ይታወቃል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እንጀራ መጋገር ከቤት ማገዶ ከፍተኛውን ድርሻ ይወስዳልና። ግን ምርጥ የተሠራው ለምጣድ ነው። የጉሙዝ ቤት ዋና ምግብ የማሽላ ገንፎ ሲሆን ገንፎ በድስት ነው የሚገነፋው። ለዚህ ቤት "ትክክል" በሚል ስም እንደሚጠራው ያለ ድስቱን የሚያቅፍ ምድጃ ይሻላል። የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ዘመቻ ከእንጀራ ብቻ ሲነሳ ጉባን ይስታል የሚል እምነት አለኝ።

ከሰል ለሚያነድ ላቀች አለ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከኬንያው ጂኮ ተወስዶ ተስተካክሎ የተሠራ ነው፤ ጂኮ ደግሞ ሐሳቡን ያገኘው ከታይላንድ የባልዲ ምድጃ ነው። ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ የተተኮሰ ሸክላ ነው። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። በጋለበት ሰዓት ውሃ ጠብ ካለበት ግን ሸክላው ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ጣሪያው ከሚያፈስበት ቦታ አይቀመጥ። ከሰል ቀላልና ለዝናብ ጊዜ አመቺ ነው፤ ሆኖም በባህላዊ ማክሰያ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ብዙ ኪሎ እንጨት ይጠፋል። ለመጠባበቂያ አንድ ጆንያ ማኖር እንጂ የየዕለት ማገዶ ማድረጉን አልመክርም።

አንድ ነገር ላይ ጠንከር ልበል። ከጉባ ወደ ደጋው፣ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ ክረምት በእርግጥ ብርድ ነው፤ ብዙዎች ከሰል ወደ መኝታ ቤት ያስገባሉ። ሰው "ፈክቷል፣ ጭሱ አልቋል" ብሎ በር ይዘጋል። የፈካ ከሰልም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታም መልክም የለውም። በደም ውስጥ ከኦክስጅን ይልቅ 200 ጊዜ በሚበልጥ ጥንካሬ ከሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መዛል ይመጣል፤ ተኝቶ ሳለ የያዘው ሰው ላይነቃ ይችላል። ጉባም ቢሆን እርጥብ ልብስ ለማድረቅ ወይም አራስ ለማሞቅ ከሰል ወደ ቤት ሲገባ ሕጉ አንድ ነው። በርና መስኮት ይከፈት፣ ለእንቅልፍ ሲጋደሙ እሳቱ ደጅ ይውጣ። የታመመውን ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል።

ቡታጋዝ ላለው ጥሩ ነው፤ ሲሊንደሩን ከክረምት በፊት ማስሞላት ግን የግድ ነው። የነጭ ጋዝ ምድጃ የሚጠቀም ደግሞ ቤንዚን ከያዘ ዕቃ ነጭ ጋዝ እንዳይቀዳበት ይጠንቀቅ፤ የተቀላቀለው ይፈነዳል።

ቤት ጥሎ መውጣትም ሊመጣ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ተፈናቅለው ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው ስፍራ የተጠለሉት ሰዎች በጋ ያከማቹትን ማገዶም ሆነ ምድጃ ይዘው መውጣት የቻሉ አይመስለኝም። ለእንዲህ ያለው ጊዜ በትከሻ የሚነሳ ቀላል ምድጃና አንድ ድስት የዘወትር ዕቃ ሆነው መዘጋጀታቸው ይጠቅማል።

ምን ያህል ማገዶ ይበቃል የሚለውን ቤቱ ራሱ ይመልሳል። ሚያዝያ ላይ ለአንድ ሳምንት የሚሆን ብቻ ተለይቶ ይታሰርና ከእሱ ብቻ ይነደድ። ሳምንት ካደረሰ፣ ለሐምሌና ለነሐሴ እንዲህ ያለ ዘጠኝ እስር፣ ለእንግዳና ለድግስ ደግሞ ሌላ ሁለት ጣሪያ ሥር ይግባ።