ፊልሙን ሠላሳ ዓመት የጠበቀ ዜማ

ጣና ዳር ባለው ሰፈራችን ሹም አቦ፣ ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ፣ የሠርግና የምረቃ ቪዲዮ ኤዲት የሚደረግባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ባለቤቷ ወጣት ነው። ቀን የሰው ሠርግ ይሠራል፣ ማታ የራሱን አጭር ፊልም። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት በደጁ ሳልፍ ጠራኝ። «ጋሼ፣ እስኪ ገባ ይበሉና ይችን ትዕይንት ይዩልኝ» አለኝ። እናት ደጃፍ ላይ ቆማ ወደ ጎንደር የሚሄድ ልጇን ትሸኛለች። አቀራረጹ ያምራል፤ ሴትዮዋ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ስትጠመዝዝ ማየት ብቻውን ሆድ ያባባል። ልጇ ገና ከአጥሩ ሳይወጣ ግን ዋሽንት ገባ። እናትየዋ ሳታለቅስ ዋሽንቱ አልቅሶ ጨረሰ።

«ዋሽንቱን ዝጋውና ይኼን ክፈትበት» ብዬ ስልኬን ሰጠሁት። የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነበር። ወዳየነው እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ስለ ሙላቱ ላውራ። ስሙን የማያውቅ የለም። ሙዚቃው ለፊልም የዋለውን ውለታ ግን በቅጡ ያወራንለት አይመስለኝም።

ሙላቱ በ1936 ዓ.ም ጅማ ተወለደ። በልጅነቱ ወደ ዌልስ የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ እዚያ ሙዚቃ ያዘውና ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያም ቦስተን በርክሊ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ «የኢትዮጵያ ኩዊንቴት» የተባለ ቡድን መሥርቶ ሁለት ሸክላዎች አሳተመ። አሥርት ዓመቱ ሲያልቅ አገሩ ተመለሰ። ይዟቸው ከመጣቸው መሣሪያዎች መካከል እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቫይብራፎኑ ነው።

ቫይብራፎን በፒያኖ ቁልፎች ቅደም ተከተል የተደረደሩ የአሉሚኒየም ዘንጎች ያሉት መሣሪያ ነው፤ የተለመደው ዓይነት 37 ዘንጎች አሉት። ጫፉ በክር በተጠቀለለ መምቻ ይመታል። ከእያንዳንዱ ዘንግ ሥር ቱቦ አለ፤ በቱቦው አፍ ላይ ደግሞ በኤሌክትሪክ ሞተር የምትሽከረከር ክብ ቆርቆሮ። ቆርቆሮዋ አፉን ስትከፍትና ስትዘጋ ድምፁ ይርገበገባል፤ ማታ ማታ ጣና ላይ የሚወድቀው ብርሃን እንደሚርገበገበው። ከታች የእግር ፔዳል አለ። ሲረገጥ ድምፁ በራሱ ጊዜ እስኪሞት ይረዝማል፣ ሲለቀቅ ይቆረጣል። መሣሪያው የተፈጠረው አሜሪካ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ።

ለጣና ዳር ሰው ግን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በጀልባ ወደ ገዳማቱ የተሻገረ ሁሉ የድንጋይ ደወሉን ያውቃል፤ ረዘም ረዘም ያሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከእንጨት ላይ ተንጠልጥለው በሌላ ድንጋይ ይመታሉ። ትልቁ ወፈር ያለ፣ ትንሹ ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል። አንድ ጊዜ ዘጌ ላይ ለጸሎት የሚደውሉትን አባት፣ «አባ፣ ድንጋይ እንዴት እንዲህ መረዋ ይሆናል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ስለተንጠለጠለ ነዋ ልጄ። መሬት ብታስቀምጠው ድንጋይ ነው» አሉኝ። የቫይብራፎን ዘንግም እንዲሁ ነው። ከመደብ ላይ አይጋደምም፤ በማይርገበገብበት ቦታው ላይ ተበስቶ በገመድ ተንጠልጥሏል። ሙላቱ «ደወል» የሚባል ሥራ እንዳለው ሳውቅ የእኚያ አባት መልስ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1973 ታላቁ ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ ሲመጣ ሙላቱ ያቀናበረለት ይህንኑ «ደወል»ን ነበር።

የሙላቱ ትልቁ ድካም ግን መሣሪያ ማምጣቱ አይደለም። ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ በ5 ድምፆች የቆሙ ናቸው። የምዕራቡ ሃርመኒ 12 ድምፆች አሉት። አሥራ ሁለቱን እንዳሉ አምስቱ ላይ ቢያፈሱባቸው ትዝታ ትዝታነቱን ያጣል፤ ወጥ ላይ ውሃ እንደማብዛት ነው። ሙላቱ ዜማውን በአምስቱ ላይ አጽንቶ፣ ከሥሩ የሚደግፉትን ኮርዶች ብቻ እየቆጠበ ከአሥራ ሁለቱ ወሰደ። ከኒውዮርክ የላቲን ሙዚቀኞች የተማረውን የኮንጋ ምት ጨመረበት። ኢትዮ ጃዝ ያለው ይህንን ነው። ውጤቱ ያዘነ ነው፣ ግን ይራመዳል። የእኛ ትዝታ ብዙውን ጊዜ ተቀምጦ፣ ጉንጭን በመዳፍ አስደግፎ የሚሰማ ነው፤ የሙላቱ ትዝታ ተነሥቶ መንገድ ጀመረ።

አምሐ እሸቴ የሚባል ደፋር ወጣት በራሱ ስም በከፈተው ማሳተሚያ እነዚህን ሥራዎች በሸክላ አወጣቸው። «ኢትዮ ጃዝ» የተባለው አልበም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት። ከዚያ በኋላ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የምሽት ክበቦች ጨለሙ፣ አምሐ ራሱ ተሰደደ። ሙላቱ አገሩ ቀረ፤ ሸክላዎቹ በየሰው ሳሎን ቡፌ ውስጥ አቧራ ጠጡ። እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ የሲዲ ኅትመቱ አራተኛውን ቅጽ ሙሉ በሙሉ ለሙላቱ ሰጠ። አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ ሙዚቃውን ወደደውና ከራሱ ሥራ ጋር የሚያገናኝበት ቀዳዳ ይፈልግ ጀመር።

ቀዳዳውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ነው። ዶን ጆንስተን (ቢል መሬይ) ፊቱ ላይ ምንም የማይነበብበት፣ ዕድሜው የገፋ ወንደላጤ ነው። ላኪው ያልታወቀ ሮዝ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ የ19 ዓመት ልጅ እንዳለው ይነግረዋል። ጎረቤቱ ዊንስተን (ጄፍሪ ራይት) ኢትዮጵያዊ ነው፤ ብዙ ልጆች ያሉት፣ የሰው ጉዳይ እንደ ራሱ ጉዳይ የሚያስጨንቀው፣ ልክ እንደ ሰፈራችን ሰው። ዶን የቀድሞ ወዳጆቹን እየዞረ እንዲጠይቅ ጉዞውን ያሰናዳለታል፤ መንገድ ላይ የሚሰማውንም ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። በዚያ ሲዲ ውስጥ ያለው ሙላቱ ነው። «የከርሞ ሰው»፣ «ጉበልዬ» እና «የግሌ ትዝታ» በአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ በኪራይ መኪና ይነጉዳሉ። ፊልሙ በዚያው ዓመት የካን ፌስቲቫልን ግራንድ ፕሪ አሸነፈ።

እነዚህ ሥራዎች ፊልሙ ከመታሰቡ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተቀዱ ናቸው። ሙላቱ ሲጽፋቸው ዶንን አያውቅም፣ ሮዙን ደብዳቤ አያውቅም። ታዲያ እንዴት እንዲህ ገጠሙ? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የተለመደው ማጀቢያ ሙዚቃ ተዋናዩን ይከተላል፤ ሲፈራ ይንቀጠቀጣል፣ ሲያፈቅር ይለሰልሳል። የሙላቱ ሙዚቃ ማንንም አይከተልም። ቤዙና ድራሙ አንዴ ርምጃቸውን ከያዙ አይለውጡም። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ አንዲት አጭር ሐረግ ይዘው ዞረው ዞረው ይመለሳሉ፤ ደረስኩ አይሉም። ዶንም አይደርስም። የሚያንኳኳው በር ሁሉ የሚፈልገውን አይሰጠውም፤ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ሲገባ ያው ሐረግ ይጠብቀዋል። ሙዚቃው አዝኗል ወይስ ተጽናንቷል ብሎ አይነግረንም፤ ያንን የሚፈርደው ተመልካቹ ነው። ድምፁ ከተመታ በኋላ እስኪጠፋ ድረስ ያለችው ቦታ ለሥዕሉ የተተወች ናት። እኔ የሙላቱ ትልቁ ውርስ የምለው ይህችን ቦታ ነው።

ዜማው ወደ ፊልም የተሻገረ ሙላቱ ብቻም አይደለም። ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጎንደር ሲኖሩ፣ ያሬዳዊ ዜማ የሚማሩ፣ ቁራሽ እየለመኑ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩ ተማሪዎችን አይተው አንጀታቸው ተላወሰ። የመጀመሪያ ሸክላቸውን ያሳተሙትም ለእንዲህ ያሉ ምስኪኖች ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። ቤት አልባውን መንገደኛ የሚያነሳው የፒያኖ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2021 «ፓሲንግ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ይሰማል። ጎንደር ተወልዶ ያደገው ኃይሌ ገሪማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ለ«ጤዛ» ፊልሙ ማጀቢያውን ያሠራው በሳክስፎን ተጫዋቹ ጆርጋ መስፍንና በፒያኒስቱ ቪጄይ አየር ነው። ይህ እንደ ሙላቱ ከመደርደሪያ የወረደ አይደለም፣ ለፊልሙ ተብሎ የተጻፈ ነው፤ ግን ሳክስፎኑ ትዝታን ይዞ ሲገባ ከማን ቤት እንደመጣ ይታወቃል።

ሙላቱ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2008 በሃርቫርድ ተመራማሪ ሆኖ ክራርን ስለማዘመንና ስለ ቅዱስ ያሬድ ኦፔራ ሠርቷል። የማኅሌት መሪ በመቋሚያ ጊዜ መጠበቁ ከአውሮፓ የኦርኬስትራ መሪ በትር ይቀድማል ብሎ ደጋግሞ ይከራከራል። ጣና ዳር ለምንኖር ይህ የራቀ ወሬ አይደለም፤ ያሬድ ጣና ቂርቆስ ተቀምጧል የሚለውን ትውፊት ከአባቶቻችን ሰምተን ነው ያደግነው። የመቋሚያውን ዝግታም በየንግሡ እናየዋለን፤ ወረቡ ከመድመቁ በፊት መቋሚያው ለረጅም ጊዜ በጸጥታ ብቻ ይወዛወዛል።

ወደ ሹም አቦዋ ክፍል ልመለስ። ልጁ ዋሽንቱን ዘግቶ «የግሌ ትዝታ»ን ከፈተ። አንድም ምስል አልተነካም። ግን ሴትዮዋ የምታለቅስ መምሰሏ ቀርቶ የምታስብ ሴት ሆነች። የነጠላውን ጫፍ የምትጠመዝዘው ጣቷ አንድ ነገር የምትቆጥር መሰለ፤ የልጇን ዕድሜ ይሁን፣ የጉዞውን ገንዘብ ይሁን፣ የሚቀራትን ቀን ይሁን እያንዳንዳችን ለየራሳችን ገመትን። ሦስት ጊዜ አየነው።

«ጋሼ፣ ይኼማ የኔ አይደለም፣ ልጠቀምበት አልችልም» አለኝ።

«አትጠቀምበት። ስማውና የራስህን አሠራ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዋሽንት ነፊውን ወጣት እንደገና አስመጣው። እኔም ተቀምጬ ነበር። «እንዳታለቅስ፤ እየሄድክ እንደሆነ አድርገህ ንፋው» አለው። ልጁ ወንበሩን ትቶ ቆመና በዚያች ጠባብ ክፍል ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ነፋ። አሁን እናትየዋ ደጃፉ ላይ ስትቆም የሚሰማው የዶሮና የባጃጅ ድምፅ ብቻ ነው። ዋሽንቱ የሚገባው አውቶቡሱ የአባይን ድልድይ ተሻግሮ ከዓይን ከጠፋ በኋላ ነው።