ከጉቶ የተመለሰው የሁምቦ ደን

በወላይታ ዞን፣ ከሶዶ በስተደቡብ የሚገኘው የሁምቦ ተራራማ ቦታ ቀድሞ በደን የተሸፈነ ነበር። ኋላ ግን ለማገዶ፣ ለከሰል፣ ለእርሻና ለግጦሽ ሲባል ተመነጠረ። ተራራው እንደተራቆተ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወሰደ፤ የታችኛውም ማሳ ተጎዳ።

ዛፉ ቢቆረጥም ሥሩ አልሞተም ነበር። በ1999 ዓ.ም. የአካባቢው ገበሬዎች በወርልድ ቪዥን እየተረዱ 2,728 ሄክታር ወይም 68 ጋሻ ያህል መሬት ከልለው መጠበቅ ጀመሩ። ሥራው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም። ከጉቶው ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ጠንካራዎቹ ተመርጠው ይተዋሉ፤ የቀሩት ይቆረጣሉ፤ የታችኛው ቅርንጫፍም ይገረዛል። ከብት እንዳይገባ ይደረግና ሣሩ ታጭዶ ለከብቱ ይወሰዳል። ከደኑ አብዛኛው የተመለሰው በዚህ ዘዴ ሲሆን፣ ጉቶ በሌለበት ቦታ የአገር በቀል ዛፍ ችግኝ ተተክሏል።

በመጀመሪያ ብዙ ገበሬዎች «መሬታችን ሊወሰድብን ነው» በማለት ሠግተው ነበር። ሥጋቱ የቀለለው ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብታቸው በሕግ ሲረጋገጥላቸው ነው።

ዛፍ ሲያድግ የተቃጠለ አየር እየሳበ ካርቦኑን በግንዱ፣ በቅርንጫፉና በሥሩ ያከማቻል። ይህ ክምችት በቶን ተለክቶ ይሸጣል። የሁምቦ ሥራ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ሲመዘገብ፣ በአፍሪካ በስፋቱ የመጀመሪያው የደን ሥራ ነበር። የዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድም እስከ 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ። በ2005 ዓ.ም. ለ73,000 ቶን ያህል ማረጋገጫ ተሰጠ። ማኅበራቱ ከሽያጩ ካገኙት ገንዘብ ለእህል ጎተራና ለወፍጮ አውለዋል።

ጥቅሙ በገንዘብ ብቻ አይወሰንም። ግራሩ፣ ብሳናውና ዋንዛው ተቀላቅለው ሲያድጉ ወፉ ጎጆውን ይሠራል፤ ንቡ አበባ ይቀስማል፤ አውሬውም መጠለያ ያገኛል። ባሕር ዛፍ ብቻውን የተተከለበት ቦታ ይህን ያህል አይሰጥም።

እንግዲህ የተራቆተ መሬት ያለው ማኅበር ችግኝ ከመጠየቁ በፊት በሕይወት ያለውን ጉቶ ይቁጠር። ከብቱ የት እንደሚውል፣ በከሰል ይተዳደር የነበረው አባል በምን እንደሚተዳደር አስቀድሞ በስብሰባ ይወስን። የመሬቱ መብት በአባላቱ ስም በጽሑፍ ይረጋገጥ። የእኔ ነው የሚለው ባለቤት የሌለው ደን፣ አጥር ቢታጠርለትም ከመጥረቢያ አያመልጥም።