ጭሱ ከየት ነው የሚወጣው?

ከመኪና የሚወጣ ጭስ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቀለሙና ሽታው ምን እየተቃጠለ እንደሆነ ይጠቁማሉ። ነጭ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ ብዙውን ጊዜ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ እየፈሰሰ ነው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላና አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ከወጣ ደግሞ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ነዳጅ እየወሰደ ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል።

ይህን ያስተማረኝ አንድ አሮጌ የስፖርት መኪና ነው። እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት እዚህ አሜሪካ ሲሆን፣ አሁን ከባለቤቴ፣ ከአሥር ዓመት ልጃችንና ከአባቴ ጋር ሜሪላንድ ውስጥ እኖራለሁ። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዓመታት መካኒክ ነበሩ። እዚህ ከመጡ በኋላ ግን ቀኑን የሚያሳልፉት መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነው። "እዚህ አገር የተበላሸ ይጣላል እንጂ አይጠገንም፤ እኔ ምን እሠራለሁ?" ይሉ ነበር።

መኪናዋ ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላት፣ ሃያ ዓመት ያለፋት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴን ይዤ ለሽርሽር የምወጣው በእሷ ነው። አንድ ቅዳሜ የትራፊክ መብራት ላይ ቆመን ሳለ፣ ከኮፈኑ ጠርዝ ቀጭን ጭስ ወጣ። ኮፈን ማለት ሞተሩን የሚሸፍነው የፊት ክዳን ነው። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። የተሰጠኝ መልስ "ሳይሆን አይቀርም" የሚል ነበር፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይሆን አይቀርም ተባልኩ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ ዘይትና ውሃ እንዳይወጣ የሚያደርግ ማሸጊያ ነው። የጠየቁኝ ዋጋ መኪናዋ ብትሸጥ ከምታወጣው ይበልጣል። ባለቤቴም ቁርጡን ነገረችኝ፦ "ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ አባባን በዚህ መኪና ይዘህ አትወጣም።"

አባቴ ወሬውን ሲሰሙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። "ለመሆኑ ጭሱ የሚጀምረው መቼ ነው?" ጋራዡ ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ደብተር አውጥተን መጻፍ ጀመርን። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ጭስ የለም። እየተነዳች እያለ ጭስ አይታይም። ሃያ ደቂቃ ከተነዳች በኋላ ስትቆም ግን፣ ከኮፈኑ በስተኋላ በቀኝ በኩል ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። በማርሚታው፣ ማለትም በጭስ ማውጫው በኩል የሚወጣ ምንም ጭስ የለም። ስለዚህ ዘይቱ የሚቃጠለው ሞተሩ ውስጥ ሳይሆን ውጪው ላይ ነው። በምትነዳበት ጊዜ የማይታየው ደግሞ ነፋሱ ስለሚበትነው ነው።

ከዚያ የቴስታታውን ጥርጣሬ መረመርን። የማቀዝቀዣው ፈሳሽ የደረሰበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግን፤ ከሳምንት በኋላም ያው ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ስር ወተት የመሰለ ነገር የለም። የሞተሩ ሙቀትም አልጨመረም። "ውሃው ሳይጎድል፣ ዘይቱም ወተት ሳይመስል ቴስታታ አይፈታም" አሉ አባቴ። ዘይቱ ግን በጥቂቱ ጎድሏል። የሚገርመው፣ መኪናዋ የምትቆምበት ሲሚንቶ ላይ አንድ ጠብታ እንኳ አልነበረም። ታዲያ ዘይቱ የት ገባ?

መልሱ ሙቀቱ ውስጥ ነው። የሞተር ዘይት ከ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሞቅ መጨስ ይጀምራል። የተቃጠለው ጋዝ ከሞተሩ የሚወጣበት የመጀመሪያው ቱቦ ደግሞ ሞተሩ በኃይል ሲሠራ ከ400 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ዘይት እዚያ ላይ ካረፈ መሬት ሳይደርስ ጭስ ይሆናል። ቱቦው ጭሱ የሚታይበት ቦታ ነው፤ ዘይቱ የሚያመልጠው ግን ከሌላ ቦታ ነው። በእኔም ሥራ ነገሩ ያው ነው፦ ፕሮግራሙ የቆመበት መስመርና ስህተቱ የተጀመረበት መስመር ብዙ ጊዜ ይለያያሉ።

ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ውጪውን አጥበን አደረቅነው። በቆሸሸ ሞተር ላይ አዲሱን ዘይት ከአሮጌው መለየት አይቻልም። ቀጥሎ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ዘይቱ ውስጥ ጨመርኩና ለግማሽ ሰዓት ነዳኋት። ስመለስ ሞተሩን አጥፍቼ በረድ እስኪል ጠበቅን። ማታ መብራቱን ሁሉ አጥፍተን፣ የዓይን መከላከያ መነጽር አድርገን አየን። መብራቱን የያዘችው ልጄ ነበረች። ከትኩሱ ቱቦ አጠገብ አረንጓዴ መስመር አገኘችና ተከተለችው።

"አባባ፣ ዘይቱ ወደ ላይ እየሄደ ነው!" አለች።

"ዘይትስ ወደ ላይ አይሄድም" አሉ አያቷ እየሳቁ። "ወደ ላይ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። አትቁሚ፣ መስመሩ እስኪያልቅ ተከተይው።"

መስመሩ ያለቀው በቫልቮቹ ክዳን የኋላ ጥግ ላይ ነው። እዚያ ያለው የጎማ ጓርኒሲዮን ለዓመታት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቆይቶ እንደ ፕላስቲክ ደርቋል። የጋራዡን ግምት ብንከተል ኖሮ ትልቁ ሥራ የሚሠራው ጤነኛ በሆነ ክፍል ላይ ነበር።

አዲሱን ጓርኒሲዮን በ38 ዶላር ገዛሁ። አባቴ ጃኬታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ልጄ ቁልፍና ካቻቢቴ እያቀበለች፣ የምታቀብለውን ሁሉ ስሙን ትጠይቅ ነበር። ካቻቢቴ ብሎን መፍቻው ነው። ቡሎኖቹን ከመሃል ጀምረን ወደ ዳር፣ በየተራ፣ የመኪናዋ መመሪያ በሚያዘው ልክ አጠበቅን። አንዱን ብቻ ከመጠን በላይ ማጥበቅ ክዳኑን ሊያጣምም ወይም ቡሎኑን ሊሰብር ይችላል።

በማግስቱ ነድቼ ስቆም ጭሱ እንደገና ታየ። ልቤ ወረደ። አባቴ ግን አልደነገጡም፤ "ቀድሞ የፈሰሰው ነው፤ ተቃጥሎ ይለቅ" አሉ። ደብተሩ ላይ መጻፋችንን ቀጠልን። በሁለተኛው ቀን ጭሱ ቀነሰ፤ በአራተኛው ቀን ጠፋ። መብራቱን ይዘን ስንመለከትም ጥጉ ደረቅ ነበር። ባለቤቴ ደብተሩን ገልጣ አነበበችና የመኪናዋን ቁልፍ ራሷ ለአባቴ ሰጠቻቸው።

በእናንተም መኪና ላይ ጭስ ካያችሁ ከምርመራው በፊት ደኅንነታችሁ ይቅደም። ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ ሞተሩን አጥፉ፤ ሁሉም ሰው ወርዶ ይራቅ። ነበልባል ካያችሁ ኮፈኑን አትክፈቱ፤ አየር ሲገባ እሳቱ ይባባሳል። አሜሪካ ከሆናችሁ 911፣ አውሮፓ ከሆናችሁ 112 ደውሉ። ሞተሩ ትኩስ እያለ የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ፤ የሚፈላው ውሃ ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ጣፋጭ ቢሆንም መርዝ ስለሆነ ከሕፃናትና ከቤት እንስሳት አርቁት። ሞተር እየሠራ የጋራዥ በር አይዘጋም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ግን ይገድላል። አበው "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ልጄ በዚያ ሳምንት ከተማረቻቸው ቃላት ብዙዎቹ፣ ካቻቢቴም ማርሚታም ጓርኒሲዮንም፣ ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው። ጎማና ፍሬንም እንዲሁ። አሁን ቺንጊያና ፍሪሲዮን የት እንዳሉ አያቷ እያሳዩዋት ነው። በቤታችሁ ወይም በዘመዶቻችሁ መካከል መኪና የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እናንተም ኮፈኑን ከፍታችሁ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም ጠይቁት።