ፌስታልን የሚተካ የበሰለ ሥጋ መጠቅለያ

የበሰለ ሥጋ በአብዛኛው የሚበከለው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፤ በቢላዋ፣ በመክተፊያ፣ በእጅ። ደብረ ማርቆስ ላይ ትኩስ ጥብስ በፌስታል ተቋጥሮ ሲሄድ እንፋሎቱ በፌስታሉ ውስጥ ጤዛ ሆኖ መልሶ ሥጋው ላይ ይንጠባጠባል። ባክቴሪያ የሚፈልገው ይህንን እርጥበት ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ ይራባል፤ ነፍሰ ጡርን ያስወርዳል። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ፖሎኒ በተባለ ለመብላት ዝግጁ በሆነ ሥጋ ተዛምቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

ለዚህ የታሰበው ፀረ ባክቴሪያ መጠቅለያ ከድንች ወይም ከበቆሎ ስታርች የሚሠራ፣ አፈር ውስጥ የሚበሰብስ ስስ ሽፋን ነው። ባክቴሪያን የሚገታው ንጥረ ነገር ከሽፋኑ ቀስ በቀስ ወደ ሥጋው ገጽ ይወጣል። እዚህ ላይ የደጋው ጦስኝ ትልቅ ተስፋ አለው፤ ዘይቱ ውስጥ ያሉት ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ውህዶች የባክቴሪያውን የሕዋስ ሽፋን ያፈርሳሉ። ሲበዛ ግን ሽታው የሥጋውን ጣዕም ይውጠዋል፤ ከባዱ ሥራ መጠኑን ማግኘት ነው።

ስታርች እርጥብ ሥጋ ሲነካው ይለሰልሳል። የንብ ሰም ሲደባለቅበት ውሃ ይቋቋማል፤ ሰም ደግሞ ለማር አገሩ ጎጃም ብርቅ አይደለም።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ምትክ መፈለጉ ግድ ሆኗል። ሽፋኑ የባክቴሪያን መራባት ያዘገያል እንጂ አስቀድሞ የተበላሸን ሥጋ አያድንም፤ ያደረ ጥብስ እስከ ውስጡ እስኪፋጅ ድረስ መሞቅ አለበት።