ቦውሊንግና የእሑድ ኪሳችን

በአንድ የዕረፍት እሑዳችን ስድስት ሆነን ቦውሊንግ ቤት ገባን። ኳሳችን መስመሩን ስቶ ቦይ ውስጥ ሲገባ እንኳ ሳቅ በሳቅ ነበርን። በየሳምንቱ እንምጣ ተባባልን። ማታ ግን ቁጭ ብለን ሒሳቡን አሰብነው።

ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ዋጋ የአንድ ሰው የአንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። ጨዋታው 10 ዙር ነው፤ ብቻዋን ለምትጫወት 10 ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው። ታዲያ አንድ ተጫውታ የምትወጣ ማን ናት? ጫማውም ሶሉ ለስላሳ የሆነ ልዩ ጫማ ስለሆነ ለብቻው ይከራያል።

ለምሳሌ ጨዋታው 5 ዶላር፣ ጫማው 2 ዶላር ቢሆን፣ ሁለት ጊዜ የተጫወተች 12 ዶላር ትከፍላለች። ታክሲና ምሳ 8 ዶላር ቢጨመር 20 ይሆናል። በአራት እሑድ 80 ዶላር! ደመወዟ 200 ዶላር ለሆነ እህት ለቤተሰብ የሚላከው ከምን ይወጣል? ይህን ስንደምር አንዷ ዝም አለች፤ የወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ ትዝ ብሏት ነው።

በብዙ ቦታ ርካሹ ሰዓት የሥራ ቀን ጠዋት ነው፤ ያን ጊዜ እኛ ልብስ እያጠብን ነው። ለእኛ የሚሻለው መስመሩን በሰዓት የሚያከራይ ቤት ነው። ስድስት ሆነን አንድ ሰዓት ብንይዝ አንድ አንድ ጨዋታ ይደርሰናል፤ ክፍያውንም ለስድስት እንካፈላለን። ጫማው በዋጋው ውስጥ መኖሩን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እኛም በሦስት ወር አንዴ ልንሄድ ተስማማን። ኳሷን ሁሌ ወደ ቦዩ የምትልከው እህታችን ግን ልምምድ ያንሰኛል ብላ አኩርፋለች።