ሱስ፣ ሕግና ሕክምና በአቡ ዳቢና በአል ዐይን

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ለሱስ ሕክምና ብቻ ታስቦ የቆመው ብሔራዊ የማገገሚያ ማዕከል በአቡ ዳቢ የተቋቋመው በ2002 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ተለይቶ ካልተነገረ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ መመሪያውን የሰጡትም የአገሪቱ መሥራችና የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሼኽ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ናህያን ነበሩ። ማዕከሉ በጥቂት አልጋዎች ጀምሮ በሻኽቡት ከተማ ሰፊ ግቢ እስከመያዝ፣ ከዚያም የዓለም ጤና ድርጅት ተባባሪ ተቋም እስከመሆን ደርሷል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ተቋም የሚመዘነው በግቢው ስፋትም ሆነ በአልጋው ብዛት አይደለም፤ በሱስ የተያዘ ሰው፣ ወይም እናቱና ወንድሙ፣ «እርዱን» ብለው ለመጠየቅ የሚሻገሩት ፍርሃት ምን ያህል ነው ለሚለው ጥያቄ በሚገኘው መልስ ነው። በአቡ ዳቢና ከእርሷ በስተምሥራቅ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በኦማን ድንበር ላይ በምትገኘው በአል ዐይን ይህ ጥያቄ ከሌላ ቦታ ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሐኪሙ ሕመም የሚለውን ነገር ሕጉ ወንጀል ይለዋል፣ ከአገሪቱ ነዋሪ መካከል ደግሞ ዜጋ የሆነው ከአሥር ሰው አንድ ገደማ ብቻ ነው።

የሕጉ አካሄድ ሠላሳ ዓመት ገደማ የፈጀ የቀስ በቀስ ለውጥ ታሪክ ነው። በ1995 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቁጥር 14 አደንዛዥ ዕፅ የወሰደን ሰው ቢያንስ ለአራት ዓመት ያሳስር ነበር፤ በ2016 በተደረገው ማሻሻያ ዝቅተኛው ቅጣት ወደ ሁለት ዓመት ወረደ፤ በ2022 መባቻ ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 30/2021 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘን ተጠቃሚ ከሦስት ወር በማያንስ እስራት ወይም ከ20,000 እስከ 100,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጮ እንዲቀጣ ደነገገ፤ ዳኛው በቅጣቱ ፈንታ ሰውየውን ወደ ሕክምና ሊልከው እንዲችልም መንገድ ከፈተ። ለውጭ አገር ሰዎች ትልቁ ለውጥ የመጣው ከአገር መባረርን በሚመለከተው ክፍል ነው። ቀድሞ ጥፋተኛ የተባለ የውጭ ዜጋ መባረሩ የማይቀር ነበር፤ የ2021ዱ አዋጅ ግን ሲወጣ፣ ጉዳዩ ለግል መጠቀምና ለግል መያዝ ብቻ ከሆነ ውሳኔውን ለፍርድ ቤቱ ተወው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ክብደት ያለው ድንጋጌ ግን በ1995ቱም ሕግ የነበረውና በአዲሱ አዋጅ የሰፋው ነው፤ ይኸውም በራሱ ፈቃድ ወደ ሕክምና ክፍል ወይም ወደ ዐቃቤ ሕግ ቀርቦ ሕክምና የጠየቀ፣ በእጁ ያለውንም ዕፅ ያስረከበ ሰው አይከሰስም የሚለው ነው። በአዲሱ አዋጅ መሠረት ጥያቄውን የትዳር ጓደኛው ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመዱ ሊያቀርብለት ይችላል፤ ማለትም አባት ልጁን፣ እኅት ወንድሟን፣ አያት የልጅ ልጁን ወደ ሕክምና ሊያመጡ ይችላሉ፣ በዚህም ምክንያት የቤታቸውን ሰው አሳልፈው የሰጡ አይሆኑም። አንድ ግዴታ ግን አለ፤ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ሰውየው ከመያዙ ወይም የመያዣ ትእዛዝ ከመውጣቱ በፊት ነው። የአቡ ዳቢ ፖሊስም ይህንኑ መሠረት አድርጎ «ፉርሰት አመል»፣ ማለትም የተስፋ ዕድል፣ የሚል አገልግሎት አቋቁሞ ሰዎች ሳይያዙ በፊት በፈቃዳቸው እንዲመጡ ይጋብዛል። ሕግ አስከባሪ ራሱ «ሳልይዝህ በፊት ና» ሲል መስማት ለሰሚው ግር የሚያሰኝ ነው፤ ቢሆንም ሱስን በእስራት ብቻ ማቆም እንደማይቻል መንግሥት በተግባር የተቀበለበት እርምጃ ስለሆነ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

በፈቃዱ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያልፈው ሰውነትን ከንጥረ ነገሩ የማጽዳት ደረጃ ነው። ሄሮይን ይወስድ የነበረ ሰው ከመጨረሻው መጠን በኋላ ቀን ሳይሞላ ያዛጋል፣ አፍንጫውና ዓይኑ ይፈሳሉ፣ ቆዳው ይቆረቁረዋል፣ አጥንቱ የተሰበረ ያህል ያመዋል፣ ሆዱ ይላወሳል፣ እንቅልፍም ይሸሸዋል፤ ሕመሙ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን በርትቶ በሳምንት ገደማ እየቀለለ ይሄዳል። ለብዙ ሰው እንግዳ የሚሆነው ግን ስለ መጠጥ ያለው እውነት ነው፤ ሄሮይንን በድንገት ማቆም ያሠቃያል እንጂ ጤነኛን ጎልማሳ እምብዛም አይገድልም፣ ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ሊነሣበት፣ ከዚያም ራሱን ስቶ የሌለ ነገር እያየ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከባድ ጠጪን ክፍል ውስጥ ቆልፎ «ይለቀው» ማለት፣ በብዙ ቤት በቅን ልቦና የሚደረግ ቢሆንም፣ ሕይወትን የሚያሳጣ ነው። የሰውነት መጽዳት የሕክምናው አጭሩ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ረጅም ጊዜ የሚጠይቀው ነው፤ ምክሩ፣ የቤተሰቡ ስብሰባ፣ የሥራ ልማዱ፣ የሚያገረሽበትን ሰዓትና ሰፈር አስቀድሞ የማወቁ ትምህርት በዚያ ይመጣል። ማገርሸት፣ ያቆሙትን መልሶ መጀመር ማለት ነው፣ በሱስ ሕክምና ከተለመደው ሂደት የሚቆጠር እንጂ የሕክምናው ክስረት አይደለም፤ አደጋው ግን ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ለሳምንታት ወይም ለወራት ያቆመ ሰው ሰውነቱ የቀድሞውን መጠን መቋቋሙን ስለሚተው፣ ከእስር ወይም ከሆስፒታል ወጥቶ በለመደው ልክ የወሰደ ጊዜ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

በዚህ ረገድ የአቡ ዳቢው ማዕከል በሙከራ ያስመዘገበው ሥራ የሚመረመር ነው። ቡፕረኖርፊን የሚባለው መድኃኒት ከምላስ ሥር ተቀምጦ የሚሟሟ ሲሆን፣ ሄሮይን በሚይዘው የአንጎል ተቀባይ ላይ ተቀምጦ ሃራራውን ያስታግሳል፣ ነገር ግን ከተወሰነ ደረጃ በላይ ስለማያሰክር አደጋው ከሄሮይን ያነሰ ነው። ችግሩ መድኃኒቱ ራሱ በጥቁር ገበያ ሊሸጥ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ ታካሚው በየቀኑ መጥቶ በነርስ ፊት እንዲወስደው ይደረጋል፣ ይህም ሥራ ላለው ሰው አስቸጋሪ ነው። በማዕከሉ በ141 ታካሚዎች ላይ የተደረገውና በ2021 የታተመው ጥናት ለዚህ ችግር አስታራቂ መንገድ ፈተሸ፤ በደም ምርመራ መድኃኒቱን በአግባቡ መውሰዳቸው የታወቀና በሽንት ምርመራ ሌላ ዕፅ ያልተገኘባቸው ሰዎች መድኃኒቱን ወደ ቤት ይዘው እንዲሄዱ፣ የሚይዙትም እየጨመረ እስከ አራት ሳምንት የሚደርስ እንዲሆን ተፈቀደ፣ በዚህ መንገድ የታከሙትም በተለመደው መንገድ ከታከሙት ይልቅ ከሌሎች ኦፒዮይዶች ርቀው ተገኙ። ኦፒዮይድ ማለት ሄሮይንን፣ ሞርፊንንና ትራማዶልን የሚያጠቃልለው የመድኃኒትና የዕፅ ቤተሰብ ነው። የሙከራው ዋና ትርጉም በአመኔታ ላይ ነው፤ ታካሚ ሲታመን የሚታመን መሆኑ በቁጥር ታይቷል።

ወደ ማዕከሉ የሚመጡት ሰዎች ከሚወስዱት ነገርም አንድ ትምህርት ይገኛል። በ250 ወንድ ታካሚዎች ላይ በተደረገውና በ2016 በታተመው የማዕከሉ ጥናት ከአሥሩ ስምንቱ በላይ ከአንድ ዓይነት በላይ ንጥረ ነገር ይወስዱ የነበሩ ናቸው፤ በወጣቶቹ ዘንድ ደግሞ በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ የሚታዩ የሕመም ማስታገሻዎችና የነርቭ መድኃኒቶች፣ በተለይም ትራማዶልና ፕረጋባሊን፣ ከፍ ያለ ቦታ ይዘዋል። በሌላ ወገን አካባቢውን ያጥለቀለቀው ካፕታጎን ነው፤ በ1960ዎቹ በጀርመን ለሕክምና የተሠራው ይህ እንክብል በ1986 በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ከገባ ወዲህ በድብቅ እየተመረተ ይዘዋወራል። በመስከረም 2023 የዱባይ ፖሊስ በበርና በጌጥ ሰሌዳዎች ውስጥ የተደበቀ ከ13 ቶን በላይ፣ 86 ሚሊዮን የሚሆን እንክብል መያዙን ሲያስታውቅ ዋጋውን ከ3.8 ቢሊዮን ድርሃም በላይ ብሎ ገምቶታል። እንዲህ ያለ ጭነት አገር ሲያቋርጥ ጉምሩክ ብቻውን ሊመክተው አይችልም፤ ፈላጊውን ሰው የሚቀንሰው ሕክምና ነው።

አል ዐይን በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ድርሻ በምርምር ይጀምራል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ በዚህች ከተማ የሚገኝ ሲሆን፣ መምህራኑ በ1990ዎቹ በ1,394 አዋቂዎች ላይ ያካሄዱትና በ2001 ያሳተሙት የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ጥናት 8.2 በመቶ የሚሆኑት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ የአእምሮ ሕመም እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ይህ ቁጥር ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ በበራፍ ተጠይቆ፣ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ቤተሰብ ፊት፣ ስለ መጠጥና ስለ ዕፅ እውነቱን የሚናገር ሰው ጥቂት መሆኑን ማንም ይረዳል። ይህም ጉዳዩን ወደ ምስጢር መጠበቅ ይመልሰዋል፤ በአል ዐይን ያለ ቤተሰብ ሰፈሩ ከሚያየው ክሊኒክ ይልቅ በአቡ ዳቢ ወደሚገኝ ሩቅ ማዕከል መሄድን ሊመርጥ ይችላል፤ ከሕክምና በኋላ ያለውን ክትትል ግን በየሳምንቱ 160 ኪሎ ሜትር እየተመላለሱ ማድረግ ቀላል አይደለም።

ከመንግሥት ተቋም ጎን ሌላ ዓይነት እርዳታ አለ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለውና ስማቸውን የማይገልጹ ጠጪዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበት ኅብረት በ1935 በአሜሪካ በአክረን ከተማ በአንድ የአክሲዮን ደላላና በአንድ ሐኪም የተመሠረተ ሲሆን፣ ስብሰባዎቹ በአቡ ዳቢና በዱባይም ይካሄዳሉ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሰዎች በክብ በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ይቀመጣሉ፣ አንዱ በመጠሪያ ስሙ ብቻ ራሱን ያስተዋውቃል፣ ያለፈበትን ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጠው ይሰማል፣ ክፍያ የለም፣ ከውጭም ገንዘብ አይቀበሉም። በዚህ አገር ግን ስም አለመግለጽ ትርጉሙ ይለወጣል። በሌላ አገር የኀፍረት መጋረጃ የሆነው ነገር እዚህ የመኖሪያ ፈቃድ ጥበቃም ይሆናል፤ የጠጣ ሰው ለቡድኑ የሚናገረው ነገር ለአሠሪው እንዳይደርስ ማረጋገጥ አለበት። አቡ ዳቢ የመጠጥ መግዣ ፈቃድን በ2020 ማስቀረቷ ከአልኮሆል ጋር ለተቸገሩት ይህን ሸክም በተወሰነ መጠን አቅልሎታል፤ በአደባባይ ሰክሮ መገኘት ግን ዛሬም ያስከስሳል።

ለኢትዮጵያውያን ሁኔታው በሦስት ነገሮች ይወሳሰባል። የመጀመሪያው ጫት ነው። በአገር ቤት በግልጽ የሚሸጠው፣ በርጫ የሚያሰባስበው፣ ከምርቃናው በኋላም በጨብሲ የሚዘጋው ጫት በኤምሬትስ ሕግ ከተከለከሉት ዕፆች መካከል ነው፤ በሻንጣ ውስጥ የተገኘ አንድ እስር በሰው የወደፊት ዕድል ላይ ሊፈርድ ይችላል። ሁለተኛው የመኖሪያ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር የታሰረ መሆኑ ነው፤ በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ለሕክምና ሁለት ሳምንት ከቤት መጥፋት አትችልም፣ ሥራዋን ካጣች ደግሞ የመቆያ ጊዜዋ ይቆጠራል። ሦስተኛው ብቸኝነቷ ነው፤ ከአሠሪዎቿ ቤት ውጪ የሚያውቃት፣ እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚደርስ ዘመድ ሆኖ ማመልከቻ የሚያቀርብላት ሰው ብዙ ጊዜ በአገሩ የለም። ሕጉ የፈጠረው መልካም በር ይበልጥ የሚከፈተው ቤተሰብ ላለው ሰው ነው፤ የድንጋጌው ቃል በዜግነት ባይለይም፣ የስደተኛ ኑሮ ግን ራሱ ይለየዋል።

ስለዚህ ሸክሙ በአመዛኙ በወዳጅ፣ በጸሎት ቤትና በማኅበር ላይ ይወድቃል። በቤተ ክርስቲያን የተጽናና፣ በመስጊድ የተመከረ፣ በዕቁብና በእድር የታገዘ ሰው ብዙ ነው፤ ያ እርዳታ ሃራራውን ለመቋቋም የሚያስፈልገውን ዕለታዊ ሰው ይሰጣል። ነገር ግን መጠጥን በድንገት ማስቆም ሊገድል እንደሚችል፣ መድኃኒት ባለበት ቦታ መታከም እንዳለበትና በፈቃድ የመጣን ሰው ሕጉ እንደማይከስ የሚያውቅ አጽናኝ ያስፈልጋል። ይህን ማወቅ የሚጀምረው ከአገር ከመውጣት በፊት ነው። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 (ዓመተ ምሕረት) ሠራተኞች ከመሄዳቸው በፊት ትምህርትና ገለጻ እንዲያገኙ ያዛል፤ በዚያ ትምህርት ውስጥ፣ ከቡና አፈላልና ከቤት ማሽን አጠቃቀም ጎን፣ ጫት በሚሄዱበት አገር የሚያስከስስ መሆኑና ቀድሞ ሕክምና መጠየቅ ከክስ የሚያድን መሆኑ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ ቢሰጥ የሚያስፈልገው ወጪ የአንድ ሠራተኛን የመመለሻ ትኬት አያክልም።