ስለ ማታው የስፖርት ዜናና ስለ ነጋሪዎቹ

እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምእት ዓመት ቤተ መንግሥታቸውንና የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን ባሳነፁበት በጎንደሩ ኮረብታ ግርጌ ከሚኖረው ሕዝብ መካከል፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑን ከፍቶ፣ የሹማምንቱን ስብሰባ፣ የውሉን ፊርማ፣ የምርቃቱን ሥነ ሥርዓትና የባሕር ማዶውን ጦርነት በትዕግሥት አሳልፎ፣ ከሁሉ በኋላ የሚመጣውን የስፖርት ዜና የሚጠብቀው ብዙ ነው። ነገሩን ለሚመረምር ሰው ይህ ጥበቃ ጥቂት ያስገርማል፤ ጨዋታው ያለቀው በቀን ነው፤ ውጤቱም በየሰዉ የእጅ ስልክ ከተሰማ ቆይቷል። ነገር ግን የተሰማ ሁሉ የታመነ አይደለምና፣ ወሬው የሚጸናው ዜና ነጋሪው ከረባቱን አስተካክሎ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አቅንቶ፣ የቡድኑን ስምና የግቡን ቁጥር ሳይጣደፍ ሲያነበው ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነበር። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ የማራቶንን ድል በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የደገመው በዚያው ወር በ11ኛው ቀን ስለ ሆነ፣ አዲሱ መሣሪያ ከአገሪቱ ታላላቅ ድሎች በአንዱ በ12 ቀን ብቻ ተቀደመ። ከዚያም አስቀድሞ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ተጫዋቾች እነ ሉቻኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ የተባበረችውን የዐረብ ሪፐብሊክ (ግብፅን) በአዲስ አበባ ስታዲየም በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረተው የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሡ፣ በስታዲየሙ ያልተገኘው ሕዝብ የሰማው በራድዮና በጋዜጣ ነው። ስለዚህ በአገራችን የስፖርት ነጋሪነት ሙያ ተወልዶ ያደገው በራድዮ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ በወሰደች ጊዜ የተሰማው የስፖርት ነጋሪው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ፣ ያን ቀን በሕይወት ለነበረ ሰው ከግቦቹ ይልቅ የማይረሳ ሆኖ ቀርቷል።

ከዚህ ውርስ የተገኘው በረከት ብዙ ቢሆንም፣ አንድ ጉድለት አብሮ እንደ መጣ መሸሸግ አይገባም። በራድዮ የሚያስተላልፍ ሰው ለአድማጩ ዓይን ሆኖ ሜዳውን፣ ሰማዩንና የተጫዋቹን አረማመድ ሁሉ መንገር ግድ ይለዋል፤ የቴሌቪዥን ነጋሪ ግን ምስሉ አጠገቡ ቆሞ ሳለ ተመልካቹ ያየውን መልሶ ቢተርክለት፣ ያልተጠየቀ አስተርጓሚ መሆኑ ነው። ምስሉ የማይናገረውን፣ ማለትም ያ ግብ በሠንጠረዡ ላይ ያመጣውን ለውጥ፣ የጎደለው ተጫዋች የጎደለበትን ምክንያት፣ የሚመጣውንም ጨዋታ ቢነግረን ሙያውን ፈጸመ።

ይህ የጥቂት ደቂቃ ዜና እንዴት እንደሚሰናዳ ያላየ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ዘጋቢውና የካሜራ ባለሙያው የ90 ደቂቃውን ጨዋታ ቀርጸው ይመለሳሉ፤ ዘጋቢው ጽሑፉን ጽፎ ለአዘጋጁ ካሳየ በኋላ ድምፁን ይቀርጻል፤ ኤዲተሩም ያን ሁሉ ምስል ቆራርጦ ከአንድ ደቂቃ ብዙ በማይበልጥ ልክ ያስገባዋል። የውጭ አገር ጨዋታ ሲሆን ደግሞ ምስሉ ባለቤት አለውና፣ የማሳያ መብት ያልገዛ ጣቢያ በቆመ ፎቶግራፍ ላይ ውጤት ከማንበብ ሌላ ምርጫ የለውም። ሰዓቱም ጠላት ነው፤ ምሽት 1 ሰዓት ላይ የተጀመረ ጨዋታ ዜናው ሲነበብ ገና በእኩሌታው ላይ ነውና፣ ነጋሪው ያላለቀውን እንዳለቀ እንዳይናገር መጠንቀቅ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ንባቡ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም፤ በቴሌፕሮምፕተሩ መስተዋት ላይ የሚወርደውን ጽሑፍ ሳያቋርጥ የሚያነበው ሰው፣ የየትኛው ተጫዋች ስም እንደሚጠብቅ፣ የየትኛውም እንደሚላላ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በቁስቋም ዙሪያ በንባብ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ድካም ወዲያው ይረዳዋል፤ እርሱም በልጅነቱ ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉትን የግእዝ ንባብ ዓይነቶች ሳይለይ ያነበበ እንደ ሆነ መምህሩ ከመስመሩ መጀመሪያ እየመለሱት ነውና ያደገው። ዜና ነጋሪውን መካከል ላይ የሚመልሰው መምህር የለም፤ የሳተውን ስም አገር ሁሉ ሰምቶታል።

ለጎንደር ሰው የዚህ ዜና ክብደት በግልጥ የታየው በ2013 ዓ.ም. ነው። በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተውና ደጋፊዎቹ «ዐፄዎቹ» የሚሉት ፋሲል ከነማ፣ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ መሪነት የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደው በዚያ ዓመት ነበር። ነገር ግን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ብቻ፣ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሀዋሳ እንዲካሄዱ ተወስኖ ስለ ነበረ፣ በገዛ ከተማው በፋሲለደስ ስታዲየም አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ቡድኑ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። የቀጥታ ሥርጭቱም ያን ጊዜ የሚታየው ገንዘብ ተከፍሎበት በሚገባ የዲኤስቲቪ መስመር ነበርና፣ መክፈል ያልቻለው ቤተ ሰብ የቡድኑን ዓመት የተከታተለው በየማታው በተቆራረጠ ምስልና በነጋሪው ቃል ነው። በሌላ ዘመን 90 ደቂቃውን ሙሉ ቆሞ የሚጮኸው ደጋፊ፣ በዚያ ዓመት ያየሁት ድል የሚለው ከግቡ በፊት ጥቂት ሰከንድ፣ ከግቡም በኋላ ጥቂት ሰከንድ ያለውን ነበር።

እንዲህ ዓይነት አደራ የተጣለበት ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲፎክር የሚሹ አሉ፤ ለእኔ ግን የሚበልጥብኝ በድሉም በሽንፈቱም ዕለት በአንድ ልሳን የሚያነበው ነው። ቅር የሚያሰኘኝ ሌላ ነው። በዕለቱ ከተሰጠው ጥቂት ደቂቃ ላይ የእንግሊዝ ቡድኖች የዝውውር ወሬ ብዙውን ሲወስድ፣ ከሰሜን ጎንደር ደጋ፣ ከዳባትና ከደባርቅ የሚነሣ የስፖርት ወሬ ተራው እምብዛም አይደርሰውም። የማንቼስተሩን ተጫዋች የጉልበት ሕመም በዝርዝር የሚነግረን ነጋሪ፣ ከጎንደር አውቶቡስ ተሳፍሮ በግማሽ ቀን የሚደረስበትን ሜዳ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ካሜራ አስይዞ ቢያየው፣ የዝግጅት ክፍሉ ሒሳብ የሚናጋ አይመስለኝም።